ጥያቄና መልስ፦ ለወጪዬ የሚስማማው ክሬዲት ካርድ የትኛው ነው?

የዚህ እትም ደብዳቤዎች በአሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ስለ ካሽባክ (በካርዱ ካወጡት ላይ ተመልሶ ስለሚገኝ ገንዘብ) እና ስለ ፖይንት ይጠይቃሉ። የጠቀስናቸው ውሎች ይህ ሲዘጋጅ ያሉት ናቸው። ባንኮች ስለሚቀያይሯቸው ከማመልከትዎ በፊት የባንኩን ገጽ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ አምስት ቤተሰብ ነን። በወር ለሱፐርማርኬት 480፣ ለኮስትኮ 300፣ ለሐበሻ ሱቅ 200፣ ለቤንዚን 220፣ ለስልክ፣ ለኢንሹራንስና ለሌላው 500 ዶላር ያህል እናወጣለን። እስካሁን ሁሉንም በዴቢት ነው የምንከፍለው። አንዷ ጓደኛዬ «6 ከመቶ የሚመልሰውን አውጪ» ትለኛለች፤ ሌላዋ «ዓመታዊ ክፍያ ያለው ካርድ አትንኪ» ትላለች። ማንን ልስማ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወጪዎን ከፋፍለው መላክዎ ሥራውን በግማሽ አቅልሎልናል። ብዙ ሰው መጀመሪያ ካርዱን ያወጣና ኋላ ወጪውን ለካርዱ ሊያስማማ ይታገላል።

6 ከመቶ የሚመልሰው የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ ነው፤ ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር። 6 ከመቶውን የሚሰጠው በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ነው፣ ያውም በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ድረስ፤ ከዚያ በላይ 1 ከመቶ ይሆናል። ለቤንዚን 3 ከመቶ፣ ለአብዛኛው ሌላ ወጪ 1 ከመቶ ይመልሳል። ጃይንትና ሴፍዌይ ይገባሉ። ዎልማርት፣ ታርጌትና ኮስትኮ ግን ሥጋም አትክልትም ቢሸጡ ሱፐርማርኬት ተብለው አይቆጠሩም። ኮስትኮ ደግሞ በመደብሩ ውስጥ ከቪዛ በቀር ሌላ ክሬዲት ካርድ አይቀበልም።

አሁን በእርስዎ ወጪ እንየው። የዓመቱ ድምር 20,400 ዶላር ነው። በሁሉም ነገር ላይ 2 ከመቶ የሚመልስ፣ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው አንድ ካርድ ብቻ ቢይዙ 408 ዶላር ያገኛሉ። ብሉ ካሽ ፕሪፈርድን ብቻ ቢይዙስ? ከሱፐርማርኬት 345.60፣ ከቤንዚን 79.20፣ ከሐበሻ ሱቅና ከሌላው 84 ዶላር ይመጣል፤ የኮስትኮውን በዴቢት ይከፍላሉ። 95 ዶላሩ ሲቀነስ 413.80 ይቀራል። ስድስት ዶላር እንኳ ለማይሞላ ልዩነት ዓመታዊ ክፍያ መሸከም ምንም አይረባም፤ እዚህ ላይ ሁለተኛዋ ጓደኛዎ ልክ ናት። ሁለቱን ካርዶች አንድ ላይ ሲይዙ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ሱፐርማርኬትና ቤንዚን በብሉ ካሽ፣ የቀረው 12,000 ዶላር በ2 ከመቶው ሲከፈል፣ ዓመታዊ ክፍያው ተቀንሶ 569.80 ዶላር ይገባል። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ታናሹ ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ ለሱፐርማርኬትም ለቤንዚንም 3 ከመቶ ይመልሳል፤ ከ2 ከመቶው ጋር ሲጣመር 492 ዶላር ይሆናል። የሱፐርማርኬት አስቤዛዎ በወር ከ264 ዶላር በታች ቢሆን ኖሮ ኤቭሪዴይን እንመርጥልዎ ነበር። በ480 ዶላር ግን ፕሪፈርድ ያዋጣዎታል።

የ2 ከመቶውን ሲመርጡ የካርዱን አርማ ይዩ። ሲቲ ደብል ካሽ ማስተርካርድ ስለሆነ ኮስትኮ ውስጥ ጋሪዎን ሞልተው ካሸሯ ፊት ሲደርሱ አይሠራም። ዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ ቪዛ ስለሆነ ኮስትኮ ይቀበለዋል።

የሐበሻ ሱቅ የራሱ ጉዳይ አለው። ማንኛውም ነጋዴ በካርድ መቀበል ሲጀምር ባለአራት አሃዝ የምድብ ቁጥር ይሰጠዋል፦ 5411 ሱፐርማርኬት፣ 5499 ልዩ ልዩ የምግብ መደብር፣ 5812 ምግብ ቤት። ባንኩ የሚያየው ይህን ቁጥር እንጂ በቅርጫትዎ ያለውን በርበሬ አይደለም። ከፊት እንጀራና ሽሮ እየሸጠ ከጓዳ ክትፎ የሚያወጣ ቤት በምግብ ቤትነት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። መገመት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ የአንድ እሽግ እንጀራ ዋጋ በካርዱ ይክፈሉና ሁለት ሦስት ቀን ቆይተው በባንኩ አፕ ላይ ግብይቱን ይክፈቱት፤ በየትኛው ምድብ እንደገባ በአብዛኛው ያሳያል። ደረሰኙንም ያንብቡ። ሱቁ በካርድ ለሚከፍል 3 ከመቶ የሚጨምር ከሆነ፣ 2 ለማግኘት 3 እየከፈሉ ነውና እዚያ በካሽ ይክፈሉ።

ሁለቱን ካርዶች በአንድ ቀን አያመልክቱ። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው ጉርሻ (የተለመደው በ3 ወር 500 ዶላር ላወጣ 200 ዶላር ነው) የሚገኘው ወጪው በጊዜው ሲሞላ ነው። የስድስት ወር የመኪና ኢንሹራንስ የሚከፍሉበትን ወር ጠብቀው ቢያወጡት ምንም ትርፍ ነገር ሳይገዙ ይሞላል።

ጥያቄ፦ የኡበርና የሊፍት ሹፌር ነኝ። በወር 600 ዶላር ቤንዚን እቀዳለሁ። ለኔ የቱ ይሻላል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ በዓመት 7,200 ዶላር ነው፤ ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ ጣሪያውን ይዩ። ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ 3 ከመቶ የሚሰጠው እስከ 6,000 ዶላር ስለሆነ 192 ዶላር ይመልስልዎታል። የኮስትኮ አኒዌር ቪዛ በኮስትኮ ማደያ 5፣ በሌላ ማደያ 4 ከመቶ ይሰጣል፣ በድምሩ እስከ 7,000 ዶላር። ሁሉንም ከኮስትኮ ውጭ ቢቀዱ እንኳ 282 ዶላር ይሆናል። የኮስትኮ አባልነት ግን ግዴታ ነው፤ ገንዘቡም የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከየካቲት አካባቢው ሒሳብ ጋር ነው። የኮስትኮ ማደያ ሰልፍ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ከሥራ ሰዓትዎ የሚቀነስ መሆኑንም አይርሱ።

የማደያውን ሰሌዳ ልብ ብለው ያንብቡ። ካሽ 3.20፣ ክሬዲት 3.30 የሚል ከሆነ ልዩነቱ በጋሎን 10 ሳንቲም ነው። 3 ከመቶ የሚመልስ ካርድ ከ3.30 ላይ የሚሰጥዎ 9.9 ሳንቲም ስለሆነ ምንም አላተረፉም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ 2 ከመቶ የሚመልስ ካርድ ያከስራል።

ጥያቄ፦ ለእናቴ በየወሩ 300 ዶላር በስልክ አፕ እልካለሁ። በክሬዲት ካርድ ብልከው ፖይንት አገኝበታለሁ? ደግሞ አዲስ ታክስ መጥቷል ሲባል ሰማሁ። (ከአትላንታ፣ ጆርጂያ)

መልስ፦ እባክዎ እንዳያደርጉት። ብዙ ባንኮች ገንዘብ መላክን (የምድብ ቁጥሩ 4829 ነው) እንደ ግዢ ሳይሆን ከካርዱ ላይ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ይቆጥሩታል። ያኔ ፖይንት አያገኙም። የተለመደው ክፍያ 5 ከመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው፤ በ300 ዶላር ላይ 15 ዶላር ማለት ነው። ወለዱም የእፎይታ ጊዜ የለውም፤ ከላኩበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በዓመት 29 ከመቶ ቢታሰብ ለ25 ቀን 6 ዶላር ያህል ይሆናል። በወር 21፣ በዓመት 252 ዶላር ከእናትዎ እጅ ይቀራል። አፑ «ክሬዲት ካርድ እንቀበላለን» ማለቱ ባንክዎ በምን ስም እንደሚመዘግበው አይነግርዎትም። ለጥንቃቄ ለባንኩ ደውለው ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ የሚወጣበትን ጣሪያ ዜሮ ወይም ዝቅተኛ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ፤ ያኔ በስህተት ቢልኩም ክፍያው ውድቅ ይሆናል።

ስለ ታክሱ የሰሙት እውነት ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 ከመቶ ይከፈላል። የሚነካው ግን በካሽ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሸርስ ቼክ የሚከፍለውን ነው። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብዎ ወይም አሜሪካ ውስጥ በወጣ ዴቢት ካርድ ሲልኩ አይመለከትዎትም። በዴቢት መላክ ከታክሱም ከወለዱም ያድናል።

ጥያቄ፦ በየሁለት ዓመቱ ክረምት ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አዲስ አበባ እሄዳለሁ። በማይል ልንጓዝ እንችላለን? (ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ለአራት ሰው በክረምት ግን ከባድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ የስታር አሊያንስ (የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል ስለሆነ በዩናይትድ ማይል ወይም «ኤሮፕላን» በሚባለው የኤር ካናዳ ፕሮግራም ማይል መቀመጫ ይያዝበታል። የቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድ ፖይንት ወደ ሁለቱም አንድ ለአንድ ይዛወራል፤ ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ነው። በ«ኤሮፕላን» ማይል ከዴንቨር ዳለስ (የዋሽንግተን ዲሲ አውሮፕላን ማረፊያ) በዩናይትድ፣ ከዳለስ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በአንድ ቲኬት መያዝ ይቻላል። እስከ ስምንት የቤተሰብ አባልም ማይሉን በአንድ ቋት ማጠራቀም ይችላል።

ሰው የሚጎዳው በቅደም ተከተሉ ነው። ፖይንቱ አንዴ ከተዛወረ አይመለስም። ስለዚህ በ«ኤሮፕላን» ወይም በዩናይትድ ገጽ ላይ በሚፈልጉት ቀን አራት መቀመጫ መኖሩን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ብቻ ያዛውሩ። ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ወቅት በማይል የሚለቀቀው መቀመጫ ጥቂት ነው፤ ሁለት ተገኝቶ ሁለት የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። የጉዞ ቀንዎን በሁለት ሦስት ሳምንት ማሸጋሸግ የማይችሉ ከሆነ በ2 ከመቶ ካሽባክ አጠራቅመው ርካሽ ቲኬት ሲገኝ መግዛቱን እንመርጣለን።

ቲኬት ሲገዙም ሆነ አዲስ አበባ ሆቴል ሲከፍሉ የሚይዙት ካርድ የውጭ ግብይት ክፍያ የሌለው ይሁን። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ የ2 ከመቶ ካርዶች 3 ከመቶ ያስከፍላሉ። ሳፋየር ፕሪፈርድና የካፒታል ዋን ካርዶች አያስከፍሉም። ዋጋው በዶላር ቢጻፍም የሻጩ ባንክ ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ክፍያው ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ካርዴ ላይ 3,000 ዶላር ዕዳ አለብኝ፣ ወለዱ 24 ከመቶ ነው። የተሻለ ካሽባክ ያለው ካርድ ላውጣ? (ከላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ)

መልስ፦ አሁን አይደለም። 1,000 ዶላር አውጥተው በ2 ከመቶ 20 ዶላር ያገኛሉ፤ ያችው 1,000 ዶላር አንድ ወር ካደረች በ24 ከመቶ 20 ዶላር ወለድ ትወልዳለች። በተጨማሪም ዕዳ ሲያድር የእፎይታ ጊዜው ስለሚጠፋ ዛሬ የገዙት አስቤዛ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይቆጥርበታል። የሚጠቅምዎ ዕዳ ተዛውሮ ለተወሰነ ጊዜ 0 ከመቶ የሚታሰብበት ካርድ ነው። የማዛወሪያው ክፍያ 3 ከመቶ፣ ጊዜው 15 ወር ቢሆን 3,090 ዶላሩን ለ15 አካፍለው በወር 206 ዶላር በአውቶፔይ (በየወሩ በራሱ እንዲከፈል) ያስይዙ። በዚያ ካርድ ምንም አይግዙ።

ጥያቄ፦ በዲቪ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ባመለከትኩ ቁጥር «የክሬዲት ታሪክ የለህም» እያሉ ይመልሱኛል። (ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ ማመልከቱን ለጊዜው ያቁሙ፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ መዝገብዎ ላይ ይቀራል። ማስያዣ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሰጥ ካርድ ያውጡ። ዲስከቨር ኢት ሴኪዩርድ ከ200 ዶላር ጀምሮ ያስይዛል፣ ዓመታዊ ክፍያ የለውም። በቤንዚንና በምግብ ቤት 2 ከመቶ (በሦስት ወር በድምሩ እስከ 1,000 ዶላር)፣ በሌላው 1 ከመቶ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ያገኙትን ያህል ይደግምልዎታል። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ አከፋፈልዎን አይተው ማስያዣውን ሊመልሱልዎ ይችላሉ። የፋይኮ ስኮር (ባንኮች የሚያዩት የክሬዲት ነጥብ) እንዲወጣልዎ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ ሒሳብ ያስፈልጋል።

በ200 ዶላር ካርድ ላይ ስቴትመንቱ (የወሩ ሒሳብ) ሲዘጋ የሚታየው ዕዳ ከ60 ዶላር ባይበልጥ ጥሩ ነው። 150 ዶላር ከተጠቀሙ መክፈያው ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው 100ውን ይክፈሉ፣ የቀረውን በሙሉ አውቶፔይ ይክፈለው።

ቤንዚን ሲቀዱ ደግሞ ካርዱን ማሽኑ ላይ አያስገቡ። ማደያው ምን ያህል እንደሚቀዱ ስለማያውቅ እስከ 175 ዶላር ሊይዝብዎት ይችላል፤ የቀዱት የ30 ዶላር ቢሆንም የተያዘው እስኪለቀቅ ካርዱ ሌላ ቦታ አይሠራም። ወደ ውስጥ ገብተው «በሦስት ቁጥር ማሽን የ30 ዶላር» ብለው አስቀድመው ይክፈሉ።