ስለ ማይክሮስፌር ጠይቁኝ

ሰላም ከሐዋሳ! መድኃኒት ይዘው ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚሟሙ ጥቃቅን የፖሊመር ድቡልቡሎች የጠየቃችሁኝን እየመለስኩ ነው።

ጥያቄ፦ መጠናቸው ቢለያይ ምን ችግር አለው?

ብዙ። ዲያሜትሩ 100 ማይክሮሜትር የሆነው የ10 ማይክሮሜትሩን 1000 እጥፍ ይዘት አለው። ጥቂት ትልልቆች ከተቀላቀሉ አብዛኛው መድኃኒት እነሱ ጋ ይቀራል፣ መርፌም ይደፍናሉ። ትንንሾቹ ደግሞ ቶሎ ይጨርሳሉ። ለወር ተብሎ የተወጋ ታማሚ መጀመሪያ በዝቶበት ኋላ ሊያንሰው አይገባም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሟሟውን ፖሊመር ውሃ ውስጥ ወደ ጠብታ የሚበትነውን ማማሰያ ፍጥነት ብጨምርስ?

ያንሳሉ እንጂ እኩል አይሆኑም፣ ወንድሜ። ማማሰያው አጠገብ ያለው ጠብታ በኃይል ይመታል፣ ጥግ ላይ ያለው ግን ብዙም አይነካም። በወንፊት መለየት ይቻላል፤ ግን ውድ ፖሊመር ይባክናል። እኩልነቱ ጠብታዋ ስትወለድ ነው የሚወሰነው። ፖሊመሩን በዳይክሎሮሜቴን (ቶሎ የሚተን ማሟሟቻ ነው) አሟሙተህ በሲሪንጅ ፓምፕ በቀጭን ቀዳዳ ስትገፋውና ቀዳዳውን በድምፅ ሞገድ ስታንቀጠቅጠው፣ የሚወጣው ቀጭን ጅረት በእኩል ርቀት ይቆራረጣል። የአንዷ ጠብታ ይዘት ፍሰቱ ለንዝረቱ ሲካፈል ነው። በደቂቃ 0.1 ሚሊ ሊትር ገፍተህ በሰከንድ 10,000 ጊዜ ብታንቀጠቅጥ ወደ 68 ማይክሮሜትር ይመጣል። ጅረቱ የጠብታዋን ግማሽ ያህል መወፈር አለበት፤ ያለዚያ አቆራረጡ ይበላሻል። ከጠብታዋ ይዘት አንድ ስምንተኛው ፖሊመር ከሆነ ደግሞ ማሟሟቻው ሲተን ዲያሜትሯ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን አስቀድመህ አስላው።

ጥያቄ፦ የኔዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ አንዳንዶቹም ቀዳዳ በቀዳዳ ናቸው።

እህቴ፣ ለመጣበቁ ጠብታዎቹን የሚቀበለው ውሃ ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ፒቪኤ (እንዳይጣበቁ የሚያደርግ፣ በውሃ የሚሟሟ ፖሊመር) ይኑር። በሙቅ ውሃ አሟሙተሽ በደንብ አቀዝቅዢው። ለቀዳዳው ግን የምጠረጥረው ማሞቂያሽን ነው። ዳይክሎሮሜቴን በባሕር ጠለል ላይ 40 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ደግሞ ከዚያም ቀደም ይላል። ለማፍጠን ብለሽ ስታሞቂው ውስጡ አረፋ ይሠራል፣ ቀዳዳውም መድኃኒቱን በመጀመሪያው ቀን ያፈሰዋል። ሳታሞቂ፣ ጭስ መሳቢያ ስር፣ ቀስ ብሎ ይትነን። ትነቱ ለጤና መጥፎ ነው፤ እባካችሁ በክፍት ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ።

ጥያቄ፦ በውሃ የሚሟሟ መድኃኒትስ?

ዝም ብለህ ካስገባኸው ወደ ውጪው ውሃ ይሸሻል። መጀመሪያ የመድኃኒቱን ውሃ ፖሊመሩ ውስጥ በትነው፣ ያንን ደግሞ መልሰህ ውሃ ውስጥ።

ጥያቄ፦ ፖሊመሩ ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ድቡልቡሎቹ የሚሠሩበትን ፒኤልጂኤ የተባለ ፖሊመር ውሃ እየቆራረጠ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ያደርገዋል፣ ሰውነትም ያስወግዳቸዋል። የላክቲክና የግላይኮሊክ ድርሻው 50፡50 የሆነው ከ75፡25ቱ ቶሎ ይሟሟል። አሜሪካ በ1989 እ.ኤ.አ. ለፕሮስቴት ካንሰር የፈቀደችው በወር አንዴ የሚወጋ ሊዩፕሮላይድ በዚሁ ዓይነት ፖሊመር የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ላስቀምጠው?

ፍሪዘር ውስጥ፣ በደንብ ተከድኖ። ስታወጣው የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ክዳኑን አትንካ፤ ጤዛ ከገባበት ፖሊመሩ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ መበላሸት ይጀምራል።