ፔትሮናስ ሰው አገር ምን ይሠራል? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ስም ዙሪያ ናቸው፤ ፔትሮናስ። አንድ ላይ ልመልሳቸው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

«ፔትሮናስ የሚለውን ስም ያየሁት ፎርሙላ ዋን መኪና ላይ ነው። የማን ነው?» (ከአዳማ)

የማሌዥያ መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ነው። በ1974 በሕግ ተቋቋመ፣ ሕጉም የአገሪቱን ነዳጅና ጋዝ በሙሉ አስረከበው። ኳላ ላምፑር ያሉት ባለ 88 ፎቅ መንትያ ሕንፃዎች የእሱ ናቸው። የመርሴዲስ ቡድንም ከ2010 ጀምሮ ስሙን ይዞ ይሮጣል። መንግሥት ኪሱ ሲሳሳ የሚያንኳኳው ይህንኑ በር ነው። በ2019 ከመደበኛው 24 ቢሊዮን ሪንጊት የትርፍ ድርሻ ላይ «ልዩ» ተብሎ ሌላ 30 ቢሊዮን ተወስዶበታል።

«አገሩ ላይ ነዳጅ እያለው ውጭ ምን አስኬደው?» (ከባሕር ዳር)

የነዳጅ ጉድጓድ ያረጃል። ማሌዥያም ይህን አይታ በ1990ዎቹ ወደ ውጭ ማማተር ጀመረች። ግን የደረሰችው ገበያው ከተፈታ በኋላ ነው። ጥሩ ጥሩውን መሬት ኤክሶንና ሼልን የመሳሰሉት ቀድመው ይዘውታል። የቀረው ትልልቆቹ የሸሹት ነበር። የሚቀጥለው ጥያቄም ስለዚያው ነው።

«ጡረታ የወጣሁ የቦቴ ሾፌር ነኝ። የሱዳን ቤንዚን በመተማ በኩል አመላልስ ነበር። የፔትሮናስ እጅ አለበት ይባላል፤ እውነት ነው?» (ከጎንደር)

እውነት ነው ጋሼ። ቤንዚኑ የተጣራው ከካርቱም በስተሰሜን ያለው ማጣሪያ ነው፤ እሱ የቻይናና የሱዳን መንግሥት የጋራ ነው። ድፍድፉ ላይ ግን የማሌዥያ እጅ ነበረበት።

ነዳጁን መጀመሪያ ያገኘው የአሜሪካው ሼቭሮን ነበር። በ1984 ታጣቂዎች ሠራተኞቹን ሲገድሉበት ሥራውን አቆመ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌሎች ገቡ። በአዲሱ ሽርክና ቻይና 40፣ ፔትሮናስ 30፣ አንድ የካናዳ የግል ኩባንያ 25፣ ሱዳን 5 በመቶ ያዙ። በ1999 እስከ ፖርት ሱዳን የሚደርስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተዘረጋ፣ የመጀመሪያውም መርከብ ጭኖ ሄደ።

መንደሮች ከነዳጁ መሬት ይፈናቀሉ ነበር። አብያተ ክርስቲያናትና የመብት ተሟጋቾች የካናዳውን ኩባንያ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። በ2003 ድርሻውን ለህንድ መንግሥት ኩባንያ ሸጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ የቀሩት አራቱም የመንግሥት ናቸው። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የግሉ ኩባንያ ቶሮንቶ ያለ ባለአክሲዮን ይጮህበታል። ፔትሮናስ መልስ የሚሰጠው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ እሱ ዝም ካለ ማን ይጮህበታል?

በ2011 ደቡብ ሱዳን ተገነጠለች። ሦስት አራተኛው ገደማ ነዳጅ ደቡብ ቀረ፣ ቧንቧውና ወደቡ ሰሜን። ለማሳለፊያ ካርቱም በበርሜል 36 ዶላር ገደማ ስትጠይቅ ጁባ አንድ ዶላር እንኳ አልሞላም አለች። በጥር 2012 ጁባ ጉድጓዶቿን ዘጋች። አልበሽርና ሳልቫ ኪር በመስከረም የፈረሙት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ነዳጁ እንደገና የፈሰሰው ግን በ2013 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። በ2024 መጀመሪያ፣ ሱዳን በጦርነት ላይ እያለች፣ አንደኛው ቧንቧ ተሰበረ። በነሐሴ ፔትሮናስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከቆየበት ደቡብ ሱዳን እንደሚወጣ አስታወቀ።

«እኛ ጋስ መጥቶ ነበር?» (ከአዲስ አበባ)

መጥቶ ነበር። በ2003 ለጋምቤላ ተፈራረመ፤ ቆፍሮ ለገበያ የሚሆን አላገኘም። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብና ሂላላ የተባሉትን የጋዝ ቦታዎችም ይዞ ነበር። እዚያስ ጋዝ መኖሩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ ራስ ምታቱ ባሕር ማድረሱ ነው። በ2010 ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

«እዚህ ካልጋሪ የፔትሮናስ ቢሮ አለ። ካናዳ ምን ቸገራት ለመንግሥት ኩባንያ የምትሸጥ?» (ከካናዳ)

ወንድሜ፣ እሷም አመንትታ ነበር። በ2012 ፔትሮናስ ፕሮግረስ ኢነርጂ የተባለውን የካናዳ ጋዝ ኩባንያ ሊገዛ ሲመጣ ኦታዋ በጥቅምት «አይሆንም» አለች፣ በታኅሣሥ ግን ፈቀደች። ምዕራብ ዳርቻ ላይ ያቀደውን ግዙፍ የፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ በ2017 ራሱ ሰረዘው፤ ዋጋ ወድቆ ነበር። እዚያው ዳርቻ ኪቲማት ላይ ያለው ሌላው የፈሳሽ ጋዝ ፕሮጀክት ውስጥ ግን 25 በመቶ ይዞ ገብቷል፤ የመጀመሪያው መርከብ በ2025 አጋማሽ ወጥቷል። ከሱዳኑ ጋር ሲተያይ ይህኛው ራስ ምታት የሒሳብ ብቻ ነው።

«ሰፈራችን ያለው ኦላ ማደያም የውጭ መንግሥት ነው ይሉኛል። እየቀለዱ ነው?» (ከአዲስ አበባ)

አይደለም። ባለቤቱ የሊቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ተቋም ነው። በ2000ዎቹ መጨረሻ ሼል ኢትዮጵያን ገዝቶ ማደያዎቹን «ኦይል ሊቢያ» አላቸው፤ አሁን ደግሞ «ኦላ» ሆነዋል። ቢጫው ሼል ከወረደ ስንት ዓመቱ! ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ሼል ጋ ወራጅ አለ!» አለች። ስታየኝ ሃያ ዓመትም የሞላት አትመስልም። ረዳቱም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተ።