የሙዝ ዝርያ ልየታ፦ ከእምቡጡ ጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ወሎ ውስጥ ከመርሳ፣ ከግራና፣ ከሐርቡና ከሐይቅ ዙሪያ የሙዝ ችግኝ ከገበሬ ሰብስባችሁ አንድ ማሳ ላይ ተክላችኋል። ገበሬው የነገራችሁ ስም «የአበሻ»፣ «የፈረንጅ» ወይም «ኬንያ» ነው። አሁን አንዱ «የአበሻ» ከሌላው «የአበሻ» ጋር አልገጥም ብሏችሁ፣ ማንኛው ትክክል እንደሆነ ጠይቀሃል። አብሽር፣ የሚፈታ ነገር ነው። የሙዝ ስብስብ ማሳ ላይ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ስም ላይ አትከራከሩ። ሙዝ የሚባዛው ከእናቲቱ ሥር በሚወጣ ችግኝ ነው። ችግኙ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር አዲሱ ባለቤት የራሱን ስም ያወጣለታል። ስለዚህ አንድ ዝርያ ብዙ ስም ይይዛል፣ የተለያዩ ዝርያዎች ደግሞ በአንድ ስም ይጠራሉ። የሊቃውንቱም ስም ቢሆን ተናግቷል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ሙሳ ፓራዲሲያካ» ብሎ እንደ አንድ ብቸኛ ዝርያ የመዘገበው ተክል፣ ኋላ ላይ ዲቃላ ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬው ያለህን ስም እንዳለ ጻፈው፣ አታርመው። ተክሉን ግን በቁጥር ጥራው። ከቁጥሩ ጋር የመጣበትን ቀበሌ፣ የሰጠህን ሰውና ቀኑን መዝግብ።

ቁጥሩን ግንዱ ላይ እንዳታስር። ሙዝ አንዴ አፍርቶ ግንዱ ይቆረጣል፣ ታፔላውም አብሮ ይጣላል። ጎኑ ላይ እንጨት ትከልና እሱ ላይ ምታው። ችግኙም በየዓመቱ ፈቀቅ እያለ ነው የሚወጣው። አጠጋግታችሁ ከተከላችሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ የጎረቤቱ ችግኝ ያንተ ታፔላ ሥር ይቆማል፣ ማንም አያውቀውም። የማሳውን ካርታ በወረቀት ሥላችሁ ያዙ፤ ትርፍ ችግኝ ቶሎ ቶሎ ቁረጡ። ይሄ ነገር ትንሽ ይመስላል፣ ብዙ ስብስብ የተበላሸው ግን በዚህ ነው። ቤልጂየም ሌቨን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው የዓለም የሙዝ ስብስብ ከ1,600 በላይ ናሙና በብልቃጥ ይዞ፣ ናሙናዎቹ ስማቸውን የሚመስሉ መሆናቸውን ለማየት እንደገና ማሳ ላይ ያስተክላል።

ስድስት ቁጥር ያልከው፣ «ችግኝ አልሰጥ አለን፣ ፍሬም የለውም» ያልከው፣ ከነገርከኝ ምልክት ኮባ ነው የሚመስለኝ። ዳቦ የምንጋግርበት ኮባ፣ ማለትም እንሰት። ከሙዝ ጋር ቤተሰብ ነው፣ ወገኑ ግን ሌላ ነው። ግንዱ ከሥሩ ያበጠ፣ ቅጠሉ ወደ ላይ የቆመ ከሆነና ከሥሩ ችግኝ ካላወጣ ከሙዙ መዝገብ አውጣው።

አሁን ወደ ዋናው። የምንበላው ሙዝ አብዛኛው ከሁለት የዱር ወላጆች የመጣ ነው፦ ከሙሳ አኩሚናታና ከሙሳ ባልቢሲያና። የመጀመሪያው «ኤ»፣ ሁለተኛው «ቢ» ተብሎ ይጻፋል። የፊደሎቹ ብዛት ሙዙ ከየወላጁ ስንት የክሮሞዞም (የዘር ተሸካሚ) ስብስብ እንደወረሰ ይናገራል። ካቨንዲሾቹ፣ ማለትም ገበያ ላይ የሚበዙት የጣፋጭ ሙዝ ቡድን፣ በሙሉ «ኤኤኤ» ናቸው። ዱካሴና ካርዳባ የሚባሉት ዝርያዎች «ኤቢቢ» ናቸው። ሲመንድስና ሼፐርድ የተባሉ የሙዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1955 አሥራ አምስት ምልክት መርጠው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ። 1 አኩሚናታን የሚመስል፣ 5 ባልቢሲያናን የሚመስል ነው። ድምሩ ከ15 እስከ 23 ከሆነ ንጹህ «ኤ» ነው። ከ24 እስከ 46 «ኤኤቢ»፣ ከ59 እስከ 63 ደግሞ «ኤቢቢ»። ዛሬም ማሳ ላይ ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም።

ብዙው ምልክት ያለው አበባው ላይ ነው፤ ስለዚህ እስኪያብብ ጠብቅ። ዘለላው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ወይን ጠጅ እምቡጥ ያዝ። የተከፈተው ሽፋን ወደ ኋላ ከተጠቀለለ ወደ «ኤ» ያደላል። ቀና ብሎ ሳይጠቀለል ከቆመ ወደ «ቢ» ነው። ገልብጠህ ውስጡን እይ። እንደ ደም የደመቀ ቀይ ከሆነ «ቢ» አለበት፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ወይም ቢጫማ ከሆነ «ኤ» ነው። ከሽፋኑ ሥር የተደረደሩት ወንዴ አበቦች «ኤ» ላይ ክሬም ነጭ ናቸው፣ «ቢ» ላይ ሮዝ ይነካቸዋል። ከዚያ ከላይ ካሉት እጆች (የፍሬ ረድፎች) ገና ለጋ የሆነ አንድ ጣት (ፍሬ) ቆርጠህ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀው። በማጉያ መነጽር ስታየው በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ጥቃቅን እንቁላሎች ታያለህ። ሁለት የተስተካከለ ረድፍ ከሆኑ «ኤ»፣ አራት የተዘበራረቀ ረድፍ ከሆኑ «ቢ»። ይህቺን ስታይ ደስ ትላለች፣ ወላጆቹን በዓይንህ የማየት ያህል ነው።

ሳያብብ ማየት ከፈለግህ የቅጠሉን አገዳ አግድም ቁረጥና ቦዩን እይ። ጠርዙ የተከፈተና ዳርቻው ክንፍ ያለው «ኤ» ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ የተዘጋ «ቢ» ነው። ግንዱ ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ የበዛበትም ወደ «ኤ» ያደላል።

ነጥቡ የማይፈታው ነገር አለ። «ኤኤ»ን ከ«ኤኤኤ» አይለይም። ለዚያ ክሮሞዞም የሚቆጥር ላብራቶሪ ያስፈልጋል፤ «ኤኤ» 22፣ «ኤኤኤ» 33 አለው። ካቨንዲሾቹን እርስ በርስ መለየትም ከባድ ነው። ፖዮ፣ ዊሊያምስ፣ ግራንድ ናይን፣ ጃይንት፣ ድዋርፍ፣ ሁሉም ከአንድ ሙዝ በተፈጥሮ ለውጥ የወጡ ስለሆኑ የዲኤንኤ ምርመራም ይቸገርባቸዋል። የሚለያቸው በዋናነት ቁመት ነው። ቁመት ደግሞ በውኃ ይቀየራል፤ ቦርከና ወንዝ ዳር የበቀለውን ከደረቅ ተዳፋቱ ጋር አታወዳድር። በአንድ ማሳ፣ በእኩል ውኃ ካደጉ በኋላ ብቻ ለካ። ድዋርፉ ግን ቀላል ነው፦ አጭርና ሰፊ ቅጠል አለው፣ ከዘለላው በታች ያለው ዘንግም የደረቀ አበባና ሽፋን እንደያዘ ይቀራል። የቀሩትን «ካቨንዲሽ፣ ያልተለየ» ብለህ መመዝገብ ነውር የለውም። በግምት «ዊሊያምስ» ብሎ መጻፍ ነው የሚጎዳው፣ ከአንተ የወሰደ ሁሉ ስሙን ይዞት ይሄዳልና።

አንድ ነገር አደራ። የሙዝና የእንሰት አጠውላጊ በሽታ እዚሁ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1968 በእንሰት፣ በ1974 በሙዝ ላይ ተመዝግቧል። የሚጠወልግ ተክል ካለበት ማሳ፣ ወይም ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ከሚያወጣ ግንድ ችግኝ አትውሰድ። ቢላውን ከተክል ተክል ስትሻገር በበረኪና እጠበው፣ ወይም በእሳት አሳልፈው።

ሲያብቡ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍ። ሙሉ ተክሉን ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ የተቆረጠውን የቅጠል አገዳ፣ እምቡጡን ከጎን፣ የሽፋኑን ውስጥና ውጭ፣ ወንዴ አበባውን፣ የተሰነጠቀውን ጣት። ታፔላው ከነቁጥሩ በየፎቶው ውስጥ ይግባ። ነጥቡን አብረን እንሰጣለን።