7805 እና ኤልኤም317፦ ቅርጻቸው አንድ፣ የእግራቸው አሰላለፍ የተለያየ

ጠያቂያችን ስልክ ለመሙላት ከ12 ቮልት ባትሪ 5 ቮልት ለማውጣት 7805 ሬጉሌተር (መውጫውን በ5 ቮልት ላይ የሚያጸና አይሲ፣ ማለትም ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) እንደተጠቀሙ፣ 1 አምፒር ገደማ ሲስብበት በጣም እየጋለ እንደሚያቋርጥ፣ በቦታው መውጫ ቮልቱ የሚስተካከለውን ኤልኤም317 ሬጉሌተር ቢተኩ ደግሞ ጭራሽ 5 ቮልት እንዳላገኙ ጽፈዋል። በጥገና ሥራዬ ተመሳሳይ ችግር ደጋግሞ ስለሚገጥመኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ሁለቱ አይሲዎች በመልክ አይለዩም፤ ሁለቱም ሦስት እግር አላቸው፣ ከኋላቸውም ቀዳዳ ያለው ብረት አለ። ጽሑፉን ወደ እርስዎ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገው ከግራ ሲቆጥሩ ግን የ7805 እግሮች መግቢያ፣ ግራውንድ (የባትሪው ነጌቲቭ የሚያያዝበት) እና መውጫ ሲሆኑ፣ የኤልኤም317 ደግሞ ማስተካከያ፣ መውጫና መግቢያ ናቸው። ስለዚህ እንዳለ ሲተኩት የባትሪው ፖዘቲቭ በማስተካከያው እግር ገብቷል፣ መውጫውም ከግራውንድ ጋር ተገናኝቷል፤ ያ አይሲ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይፈትሹ ሌላ ቦታ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ። የኋላው ብረትም በ7805 ከግራውንድ፣ በኤልኤም317 ግን ከመውጫው ጋር የተያያዘ ነው፤ ግራውንድ ከሆነ የብረት ሳጥን ጋር ያለ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን) ካሰሩት ሾርት ይሆናል።

7805 ማቋረጡ የብልሽት ምልክት አይደለም። በዳታሺቱ (የአምራቹ የመረጃ ሰነድ) ፊት ለፊት ገጽ የሚታየው የአምፒር መጠን የሚሠራው ሙቀቱ እስከተወገደ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ከእርሱ በፊት የሙቀቱን ሠንጠረዥ እመለከታለሁ። ከ12 ወደ 5 ሲወርድ የሚቀረው 7 ቮልት በ1 አምፒር ሲባዛ 7 ዋት ሙቀት ይሆናል። በብዙ ዳታሺቶች መሠረት ይህ ዓይነት አይሲ ያለ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወግድ ብረት) በእያንዳንዱ ዋት ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል፤ የውስጡ የሥራ ጣሪያ ግን በአብዛኛው 125 ዲግሪ በመሆኑ ራሱን ለመጠበቅ ያቋርጣል።

ኤልኤም317 በመውጫውና በማስተካከያው መካከል 1.25 ቮልት ይጠብቃል። በእነዚህ መካከል የ120 ኦም ሬዚስተር፣ ከማስተካከያው ወደ ግራውንድ ደግሞ የ360 ኦም ሬዚስተር ሲደረግ 5 ቮልት ይወጣል። በብዙ ሥዕሎች 240 ኦም ቢታይም አይሲው ሳይዋዥቅ ለመሥራት እስከ 10 ሚሊአምፒር ሊፈልግ ስለሚችል ያን ያህል የሚያሳልፈውን 120ውን እመርጣለሁ። ሆኖም የሚያባክነው ሙቀት ያው 7 ዋት ነው።

ስለዚህ ለስልክ በኤልኤም2596 የተሠራ፣ እየከፈተና እየዘጋ በአነስተኛ ሙቀት ቮልት የሚቀንስ ቦርድ ይግዙ፤ የሚስተካከል ከሆነ ስልኩን ከመሰካትዎ በፊት መውጫውን በመልቲሜትር እያዩ 5 ቮልት ላይ ያቁሙት። 7805ን 100 ሚሊአምፒር ገደማ ለሚወስድ ትንሽ ሰርኪዩት ያስቀምጡት፤ በመግቢያው 0.33፣ በመውጫው 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከእግሮቹ አጠገብ ይበየድለት።