ባዶውን ቀድማችሁ ለኩ

ውድ ልጆቼ፣

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበርና ከመንዝ ምህንድስና ለመማር ለምትነሡ ወጣቶች ይህን ስጽፍ፣ ዕድሜዬን በሌዘር ጋዝ በመለካትና በቴራኸርዝ ሞገድ ምስል በማንሣት ያሳለፍሁ መምህር እንደ መሆኔ አንድ አደራ አለኝ፤ የምትለኩት ነገር በሌለበት ጊዜ መሣሪያችሁ ምን እንደሚያሳይ አስቀድማችሁ ጠንቅቃችሁ እወቁ።

የሚቴን ጋዝ 1653 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጣል። ለአንድ ትንሽ ዳዮድ ሌዘር የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ጅረት ከፍ ዝቅ ስታደርጉ የሞገዱ ርዝመት አብሮ ይንሸራተትና፣ ጋዙ የሚውጥበትን ነጥብ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ምልክትን በመስመር በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፑ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ መስመር ትታያለች፤ ከጥልቀቷና ብርሃኑ በጋዙ ውስጥ ከተጓዘው ርቀት ተነሥቶ የጋዙን መጠን ማስላት ይቻላል። ይሁን እንጂ ጋዙን የያዘው ቱቦ ብርሃን የሚያስገባበት የመስተዋት መስኮት ሁለት ገጽ ስላለው፣ ከሁለቱ ገጾች የሚንጸባረቀው ብርሃን እርስ በርሱ ሲገናኝ የሚፈጥረው ውዝዋዜ ልክ ጋዙን መስሎ ይመጣል፤ ሙቀት በጥቂቱ ሲለወጥም ቦታውን ይቀይራል። መስኮቱን ማዘንበል፣ ቱቦውን ይህን ብርሃን በማይውጥ ናይትሮጅን ሞልቶ ያንን ባዶ ንባብ ደጋግሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ጊዜ ማባከን አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን የተመራማሪን ብስለት የማውቀው በዚሁ ነው። (የማይታይ ጨረር ዓይንን አያስጠነቅቅምና መከላከያ መነጽራችሁን ከዓይናችሁ አታውልቁ።)

በቴራኸርዝም ነገሩ ያው ነው። ከ0.1 እስከ 10 ቴራኸርዝ ድግግሞሽ ያለው ይህ ሞገድ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል የሚገኝ ሲሆን፣ ወረቀትን፣ ጨርቅንና ፕላስቲክን ያልፋል፤ ብረት ይመልሰዋል፤ ውሃ ግን አጥብቆ ይውጠዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ሁ እና ነስ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ሞገድ ካነሷቸው ምስሎች አንዱ የዛፍ ቅጠል ነበር፤ ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ሞገዱ ይበልጥ እንደሚያልፍበት በግልጽ ታየ። ነገር ግን በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ራሱ በ0.557 እና በ0.752 ቴራኸርዝ ላይ ሞገዱን ስለሚውጥ፣ የጨረሩን መንገድ በሳጥን ዘግቶ በደረቅ ናይትሮጅን ያልሞላ ሰው የአየሩን እርጥበት የቅጠሉ ጠባይ ነው ብሎ ይጽፋል።

በልግ ሲዘገይ የመንዝ ገብስ ምን ያህል እንደተጠማ ከቅጠሉ ላይ ማንበብ ቢቻል ለገበሬው ያለውን ጥቅም እናንተ ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። የቴራኸርዝ መሣሪያ ዛሬም ውድ ስለሆነ፣ የእኔ ምክር በዳዮድ ሌዘር ጀምራችሁ የፎሪየርን ሒሳብ (ሞገድን ወደ ድግግሞሾቹ የሚተነትነውን) እና የኤሌክትሮኒክስ ብየዳን አብራችሁ እንድትማሩ ነው።

ሌዘር እስክታገኙ ድረስም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) እና አንድ ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) በጨለማ ሳጥን ውስጥ ፊት ለፊት አቁሙ፤ በመካከላቸው ምንም ሳታስቀምጡ በደብረ ብርሃን የሌሊት ብርድና በቀኑ ፀሐይ ንባቡ እንዴት እንደሚለዋወጥ ከቴርሞሜትር ጋር ጎን ለጎን መዝግቡ። የመዘገባችሁትን ንባብ ከሙቀቱ ጋር አያይዛችሁ በግራፍ ሣሉት፤ የሙቀቱን ድርሻ ቀንሳችሁ የሚቀረው መስመር ዝርግ እስኪሆን ድረስም በመካከላቸው ምንም ናሙና አታስገቡ።