ቤት የጠመቅኩት ቢራ መረዘኝ ወይስ ሪህ ያዘኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? የ46 ዓመት ወንድ ነኝ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ቤቴ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ጀምሬያለሁ። አልሸጠውም፤ ለራሴና ለጓደኞቼ ነው። በአንድ ጊዜ 20 ሊትር ያህል ይወጣኛል። አብዛኛውን ምሽት ሁለት ጠርሙስ እጠጣለሁ። ከጠርሙሱ ሥር የሚቀረውን አተላም አልደፋውም፤ ቫይታሚን አለው ሲሉ ስለሰማሁ አናውጬ እጨልጠዋለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ቀልቷል፣ አብጧል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ለቀቀኝ። ጓደኛዬ ግን «ቤት የተጠመቀ ቢራ ሜታኖል አለበት፤ ተመርዘህ ነው፤ ዓይንህንም ያጠፋዋል» ብሎ አስደነገጠኝ። ሆዴንም ይነፋኛል። የደም ግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ምን ላድርግ? ድስቱን ልጣለው?

መልስ፦ ድስቱን አይጣሉት። ቢያንስ ዛሬ አይጣሉት።

ከጓደኛዎ ልጀምር። ሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት ነው) ዓይን ያጠፋል ማለቱ እውነት ነው። ጣት ግን አያሳብጥም። ደግሞም ከእርስዎ ድስት የሚመጣ ነገር አይደለም። በመብላላት ጊዜ ሜታኖል የሚፈጠረው በዋናነት ፔክቲን ከሚባል ነገር ነው፤ ፔክቲን ደግሞ በብዛት ያለው ፍራፍሬ ውስጥ ነው። ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ ቢራ ውስጥ የሚገኘው ሜታኖል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ፋብሪካም ጠመቀው ቤት ያው ነው። ሜታኖል ሰው ፈጀ ሲባል የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ መጠጡ ላይ ሰው ሆን ብሎ ሲቀላቅልበት ነው። ቢራውን አፍልቼ እንፋሎቱን ላጠራቅም፣ አልኮሉን ለብቻው ላውጣ ካሉ ግን ያ ሌላ ጨዋታ ነው። እሳት አለበት፣ በብዙ አገርም ሕግ ይከለክለዋል። እሱን አይሞክሩት።

እንግዲህ ወደ ጣትዎ። እርስዎ የጻፉት ሪህ ለሕክምና ተማሪ ከሚነገርበት መንገድ ምንም አልጎደለውም። ሌሊት ይነሳል፣ የእግር አውራ ጣት ሥር ይይዛል፣ አንሶላ አያስነካም፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት በራሱ ይሄዳል። ሰው ማንኛውንም ቁርጥማት «ሪህ» ይለዋል። እኔ እዚህ የምለው ጋውት የሚባለውን ነው። ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ይሠራል። ሰውነት ያን ክሪስታል እንደ ወራሪ ቆጥሮ ይዘምትበታል። ያ ሁሉ ሕመም የዘመቻው ነው።

ቢራ በዚህ ላይ በብዙ በኩል ይገባበታል። አልኮሉ ጉበት ብዙ ዩሪክ አሲድ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ኩላሊትም በሽንት እንዳያስወጣው ይይዘዋል። ይህን ማንኛውም አልኮል ያደርገዋል። ቢራ ግን በላዩ ላይ ከብቅሉና ከእርሾው የመጣ ፒዩሪን አለው፤ ፒዩሪን ሰውነት ውስጥ ሲሰባበር መጨረሻው ዩሪክ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት 47 ሺህ ገደማ ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ ነበር። በቀን አንድ ቢራ ሲጨመር በሪህ የመያዝ ዕድል በግማሽ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ጠንካራ መጠጥ ከዚያ ያነሰ ጭማሪ ነበረው፤ በመጠኑ የሚጠጣ ወይን ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልታየም። (ወይን ልቀይር እንዳይሉኝ። ሪህ አንዴ ከያዘ በኋላ ማንኛውም አልኮል ሊቀሰቅሰው ይችላል።)

አሁን አተላውን ያስቡት። ጠርሙሱ ሥር የተኛው ነገር የእርሾ ሴሎች ክምችት ነው። አዎ፣ ቢ ቫይታሚን አለው፤ ያልዎት ሰው አልዋሸም። ግን ከጠርሙሱ ሁሉ ፒዩሪን የታጨቀው እዚያው ነው። አናውጠው ሲጨልጡት ቫይታሚኑን ከነዕዳው ነው የጠጡት። ከዛሬ ጀምሮ ጠርሙሱን ቀስ ብለው ያዘንብሉ፣ ደመናው ወደ አፉ ሲጠጋ ያቁሙ፣ የቀረውን ይድፉት።

የሆድዎ መነፋትም በከፊል ከዚያው ይመጣል። ሕያው እርሾ ነው የሚውጡት። ግን እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባት ቢራዎ መብላላቱን ሳይጨርስ ነው የሚያሽጉት። ስኳር የተረፈው ቢራ ጠርሙስ ውስጥም ሥራውን ይቀጥላል፣ ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ከዚያ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ጓደኛዎ «ዓይንህን ያጠፋዋል» ያለው በሜታኖል ሳይሆን በጠርሙስ ስብርባሪ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። በሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ የሚያሳይ መለኪያ) ሁለት ሦስት ቀን በተከታታይ ይለኩ፤ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ያሽጉ። ክዳን ሲከፈት በአረፋ የሚገነፍል ጠርሙስ ካገጠመዎት የቀሩትን በባዶ እጅ አይንኩ። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ ፎጣ ጠቅልለው ይክፈቷቸው።

ሃይድሮሜትር ካነሳሁ አይቀር፣ «ሁለት ጠርሙስ» ያሉኝ ነገር አላሳመነኝም። አይቀየሙኝ። አንድ ታካሚ እንደ እርስዎ «ማታ ማታ ሁለት ብቻ» ብሎኝ ያውቃል። እስቲ ጠርሙሱን ይዘህ ና አልኩት። ይዞት የመጣው ባለ 750 ሚሊ ነው፤ ራሱ የጠመቀው ቢራ ደግሞ 8 በመቶ አልኮል ሆነ። አብረን አሰላነው። በአንድ ምሽት 95 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል። 5 በመቶ የሆነ ባለ 330 ሚሊ ቢራ ሁለት የጠጣ ሰው 26 ግራም ነው የሚወስደው። ሁለቱም አፋቸውን ሞልተው «ሁለት ጠርሙስ» ይላሉ። የገዙት ቢራ ላይ መጠኑና አልኮሉ ተጽፎ ይመጣል፤ የእርስዎ ጠርሙስ ላይ ግን ካልጻፉበት በቀር ማንም አይጽፍም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። እርሾ ከመጨመርዎ በፊት ጣፋጩ የብቅል ውሃ ላይ ሃይድሮሜትሩን ያንሳፍፉ፤ 1.050 አነበበ እንበል። ተብላልቶ ሲያበቃ ደግሞ 1.010 ሆነ። ልዩነቱ 0.040 ነው፤ በ131 ያባዙት፣ 5.2 በመቶ ገደማ አልኮል ይመጣል። ቁጥሩን በስክሪብቶ ክዳኑ ላይ ይጻፉት። በጣዕም መገመት አይሆንም። የጣፈጠ ቢራ ጥንካሬውን ይደብቃል።

ስለ ግፊት ኪኒንዎ ስሙን አልነገሩኝም፣ ሳይነግሩኝ ቀሩ እንጂ ዋና ነገር ነው። ማሸጊያው ላይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚል ካለ፣ ይህ መድኃኒት ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል። በየቀኑ የሚወሰድ አነስተኛ አስፕሪንም እንዲሁ። ሎሳርታን የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። አደራ፣ በራስዎ እንዳያቆሙ! ሪህ ያሠቃያል፣ ያልታከመ ግፊት ግን ይገድላል። ኪኒኑን ይዘው ያዘዘልዎት ሐኪም ጋር ይሂዱ፤ መለወጥ ካለበት እሱ ይለውጠዋል።

እዚያው የዩሪክ አሲድና የኩላሊት ምርመራ ያሠሩ። ሕመሙ በተነሳ ሰሞን ዩሪክ አሲድ ልክ ሆኖ ሊታይ ይችላልና ያ ውጤት አያዘናጋዎት። እርስዎ ግን ወር ስላለፈዎት አሁን ጥሩ ጊዜ ነው። ከ6.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ሲሆን ክሪስታል መሥራት ይጀምራል። አንዴ ብቻ የተነሳ ሪህ ሁልጊዜ የዕድሜ ልክ ኪኒን አያስፈልገውም። ደጋግሞ ከመጣ፣ ወይም ኩላሊት ከተነካ፣ ያኔ ዩሪክ አሲዱን ከ6 በታች የሚያወርድ መድኃኒት እንነጋገራለን። እንደገና ቢነሳብዎ እግርዎን ከፍ አድርገው በረዶ በጨርቅ ያድርጉበት፣ ቶሎም ይታዩ። አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝተው አይዋጡ፤ ግፊት ላለበት ሰው፣ በተለይ ኩላሊቱ ካልታየ፣ አይመከርም። ኮልቺሲን ወይም ስቴሮይድ የሚባል እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒት ሊታዘዝልዎት ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከእብጠቱ ጋር ከመጣ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ ጀርም አልጠየቁኝም፤ ሰው ሁሉ ስለሚፈራው ግን በአጭሩ፦ ተፈልቶ፣ ሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) ገብቶበት፣ በደንብ የተብላላ ቢራ በሽታ አምጪ ጀርም የሚመቸው ቦታ አይደለም። ሊኮመጥጥ፣ ሊሸት ይችላል፤ ያኔ ይደፉታል። የምፈራው እርሾ ያልገባበትን የብቅል ውሃ አሽጎ ለቀናት ማስቀመጥን ነው። እሱን አያድርጉ። ዕቃ ሲያጥቡም በረኪናን ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ውሻ ካለዎት ደግሞ የተጣለ ሆፕስ እንዳያገኝ፤ ሰው ላይ ምንም የማያደርገው ነገር ውሻን ሊገድል ይችላል።

ታዲያ መጠጣቱስ? እስኪመረመሩ ድረስ ያቁሙት። አልኮል አልባ ቢራም ፒዩሪን ስላለው አማራጭ አይሆንም። ሲያቆሙ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበዎት፣ እንቅልፍ ካጡ አይደብቁኝ፤ ያ ሌላ ሕክምና የሚፈልግ ነገር ነው። ሪህ መሆኑ ከተረጋገጠ በየምሽቱ መጠጣቱ አብቅቷል። መጥመቁን ግን አልከለክልዎትም። በ20 ሊትር ፈንታ 5 ሊትር ይጥመቁ፣ ጥንካሬውን ወደ 3 በመቶ ያውርዱት፣ አብዛኛውን ለጓደኞችዎ ይስጡ። ያንን ሜታኖል ያለዎትንም ጨምሮ።

ያሸጉት ቢራ ካለ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። ለወራት ይቆያል፤ የምርመራው ውጤት ከዚያ በፊት ይደርሳል።