ባለቤቱ «ስፒከሩን ከሳሎን አውጣልኝ» ላለችው ወንድም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ባለቤትህ ትልልቆቹን ስፒከሮች ከሳሎን አውጣልኝ ብላሃለች። ጓደኞችህ ደግሞ ሙዚቃ ላሰማችሁ ብለህ ስትጠራቸው ትንሽ ቆይተው ስልካቸው ላይ ያፈጥጣሉ። ወንድምህ ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ ሊልክልህ ነው። እኔ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ይሄን ፍቅር ከትዳር ጋር ይዤ ዓመታት ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

ለሰው ዕቃውን አታሰማው። የራሱን ዘፈን አሰማው። ይሄ ነው ዋናው ነገር። ስለ ዋትና ስለ ገመድ ስታወራለት የሚደክመው ሰው፣ በልጅነቱ የሚወደውን ዘፈን ስትከፍትለት ወሬውን ራሱ ያቆማል። እኔ ቤት እሁድ ቡና ሲፈላ ዘፈን የሚመርጠው እንግዳው ነው። አንዱ ጓደኛዬ ጥላሁንን ይላል፣ ሌላው ሬጌ ይላል፣ እኔ የማልወደውም ቢሆን እስከ መጨረሻው ይጫወታል። «ስማ፣ ስማ፣ አሁን ባሱን ስማ» እያልክ መሃል አትግባ፤ ሰው እየተፈተነ ያለ ይመስለዋል። ድምፁን ደግሞ እየተጨዋወቱ ሊሰሙት በሚችሉት ልክ አድርገው።

ወደ ባለቤትህ ልምጣ። የኔዋ ለስፒከር ግድ አልነበራትም፣ ግን በገና ትወዳለች። ሁዳዴ በገባ ቁጥር በስልኳ ከፍታ ነበር የምትሰማው። የበገና ድምፅ ደግሞ ስልክ ላይ ግማሹ ይጠፋል። አሥሩ አውታሮች በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ያላቸው፤ ያ ዝዝ የሚለው ነዘራ የሚመጣው ከእንዚራው ነው፣ አውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት መሃል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ። ትንሿ የስልክ ስፒከር የታችኛውን ድምፅ ማውጣት ስለማትችል የሚቀርህ ዝዝታው ብቻ ነው። አንድ ማታ የአለሙ አጋን በገና በትልቁ ከፈትኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «ድምፁ ከመሃል ነው እንዴ የሚመጣው? እዚያ እኮ ምንም የለም» አለች። ሁለቱ ስፒከሮችና የተቀመጠችበት ቦታ እኩል ርቀት ላይ ሆነው ሦስት ማዕዘን ሲሠሩ ዘማሪው መሃል የተቀመጠ እንደሚመስል ያኔ አሳየኋት። ከዚያ በኋላ ሶፋውን ያስጠጋችው ራሷ ናት።

ቦታውን ግን አብራችሁ ወስኑ። ሳሎኑ የሷም ነው፣ እንግዳ የምትቀበልበት ቤት መጋዘን ሲመስልባት መከፋቷ ትክክል ነው። እኛ ተነጋግረን ትልልቆቹን ሸጥንና በትንንሽ ቀየርን፣ ማቆሚያ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር እኩል እንዲሆን። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ትልቅ ስፒከር አይፈልግም። ማዕዘን ውስጥ ከተወተፈ ባሱ ይወፍርና ዘፋኙን ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ ስንሰማ ከግድግዳው ሳብ እናደርጋቸዋለን፣ ስንጨርስ እንመልሳቸዋለን። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ የሚጮኸውን ክፍል በደንብ ያለሰልሱታል፣ እነሱን ደግሞ እሷ ትምረጥ። ዋጋውንም አትደብቅ። ሳትነግራት የገዛኸው ዕቃ የቱንም ያህል ጥሩ ቢጫወት ለሷ ጆሮ አይጥምም።

የአምፕሊፋየርህን ዋት ለመጨመር ያሰብከውን ገንዘብ ደግሞ እዚያ ላይ አታውለው። ከ50 ዋት ወደ 100 ብትሄድ የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል። መብራቱ ከፍ ዝቅ ለሚልበት ሰፈር ጥሩ ስታቢላይዘር ይበልጣል። ሳብዉፈር፣ ባሱን ብቻ የሚያወጣው ስፒከር፣ ካለህ ወለሉ ላይ በቀጥታ አታስቀምጠው፣ ከታች ወፍራም ስፖንጅ አድርግለት፣ ማታ ደግሞ አጥፋው። ባስ ኮንክሪቱን ይዞ ነው ታች ቤት የሚገባው።

ስለ ሸክላው በጣም ደስ ብሎኛል። ሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ በ1961 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያወጣቸው በአብዛኛው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከሩ፣ በየገጹ አንድ አንድ ዘፈን ያላቸው ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። የአባትህ ወይም የአጎትህ ሸክላ ቤት ውስጥ ካለ ጓደኞችህ ተነስተው አይሄዱልህም፣ እመነኝ። ግን ከአሜሪካ የሚመጣው ዕቃ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (መብራቱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው፣ የኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። አንዳንድ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የሚዞረው በመብራቱ ኸርዝ ልክ ስለሆነ እዚህ ሲሰኩ በ17 ከመቶ ገደማ ይዘገያሉ፣ ዘፋኙም ድምፁ ወፍሮ ይጎተታል። የዲሲ ሞተር ያለው ከሆነ ፍጥነቱ በኸርዝ ስለማይወሰን አይዘገይም። ወንድምህ ከመላኩ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ እዚህ ለጥፈውና አብረን እናየዋለን።